የቀትር እግር

ሊሞና ደሴት ላይ ሰቫስቲን የማያውቅ የለም። ከወደቡ ጫፍ፣ መስኮቱ ሰማያዊ፣ በረንዳው ላይ የወይን ሐረግ የተንዠረገገበት ቤት የሷ ነው። በበጋ ሁለቱን ክፍል ለእንግዳ ታከራያለች፤ በክረምት ከነፋሱ ጋር ብቻዋን ትቀመጣለች። ምላሷ አይጣል ነው። ዓሣ ሻጩ የትናንቱን የዛሬ ነው ብሎ ሊያሸክማት የሞከረ ለታ፣ "ይሄ ዓሣ እኮ ካንተ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል" ብላው ወደቡ ሁሉ በሳቅ ፈርሷል። እሷ ግን አልሳቀችም። ልጇ ስታማቲስ ከሞተ ወዲህ የሷን ጥርስ ያየ ሰው የለም።

ስታማቲስ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አባቱ ሲሞት ጀልባዋን ወረሰ። በአንድ የመጋቢት ጠዋት መረብ ሊያነሳ ወጣ፤ ሰማዩ ጥርት እንዳለ የሰሜኑ ነፋስ ተነሳ፤ ማታ ላይ ጀልባዋ ባዶዋን ከቋጥኝ ጋር ስትላተም ተገኘች። ሰቫስቲ ሄዳ ከወደቡ አፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ አልነሳም አለች። እህል አልቀምስም አለች። ቢለምኗት፣ ቢቆጧት፣ በጆሮዋ አልገባም። እንዲህ ሆና ሳምንታት አለፉ፤ ሰውነቷ አልቆ ጥቁር ቀሚሷ ብቻውን የተቀመጠ ይመስል ነበር። ጎረቤቶቿ በቅርቡ ሁለት ቀብር እንደሚኖርባቸው ቆርጠው ነበር።

ከዚያ ባሕሩ በደቡብ በኩል አንድ ሬሳ አወጣ። ያን ዓመት ባሕሩ ብዙ ሰው አውጥቷል፤ በጎማ ጀልባ ተጭነው ከማዶ የሚመጡ፣ ስማቸውን የሚጠራ ዘመድ ያልነበራቸው ሰዎች። የዚህኛው ፊት አይለይም። ለእናት አይታይም ተባለና የስታማቲስ እህት ቴሜሊና ሬሳው ወዳለበት ክፍል ገባች፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የወደቡ ጠባቂ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ ከሩቁ ቆሞ፣ "አንገቱ ላይ መስቀል አለ። እነዚያ የሚመጡት መስቀል አያስሩም፤ ይሄ የኛ ልጅ ነው" አለ። በኛ ደሴት ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይጠይቅም። መስቀል ካለው ክርስቲያን ነው፤ ክርስቲያን ከሆነ የኛ ነው፤ አለቀ። ቴሜሊና ወጥታ "እሱ ነው እማዬ" አለቻት። ሰቫስቲ ከድንጋዩ ተነሳች። ቀበረች፣ አለቀሰች፣ ከቀናት በኋላ ሾርባ ቀመሰች። መንደሩ እፎይ አለ።

እፎይ ያላለው የልጁ እግር ነው።

በበጋ ቀትር ላይ ሊሞና ጭር ትላለች። ፀሐዩ ድንጋዩን ሲያግለው ሰው መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል፣ ውሻው ጥላ ፈልጎ ይተኛል፤ የሚሰማው ጥዱ ላይ ተሰቅለው የሚንጫጩት ፌንጣ መሰል ነፍሳት ድምፅ ብቻ ነው። ስታማቲስ በተቀበረ በመጀመሪያው በጋ፣ ሰቫስቲ አልጋዋ ላይ ጋደም ባለችበት በረንዳው ላይ የእግር ኮቴ ሰማች። ባዶ እግር ነው፣ እርጥብ እግር፤ ከባሕር የወጣ ሰው በንጣፍ ድንጋይ ላይ ሲራመድ የሚያሰማው ቻፕ፣ ቻፕ የሚል ድምፅ። ቀረበ፣ ቀረበ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ተነስታ በሩን ብትከፍት ማንም የለም። ከደረጃው እስከ በሩ ድረስ ግን ዳናው አለ፤ ውሃው ገና አልደረቀም። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችና ቀመሰችው። ጨው ነው።

ከዚያ ወዲህ በየበጋው ይመጣል። ቀን እየዘለለ ይመጣል፣ አንዳንዴ ሳምንት ይጠፋና ረሳኝ ስትል ይመጣል። ሁልጊዜ በሩ ጋ ይቆማል፤ ገብቶ አያውቅም። መፍራት እንኳ አልፈራችውም፤ ማን ልጁን ይፈራል? አንጀቷን የሚበላት መቆሙ ነው። የገዛ ቤቱ በር ላይ እንደ ባዕድ፣ እንደ ለማኝ መቆሙ። "ምን ከለከለህ? ምን አጎደልኩብህ?" እያለች ባዶውን በረንዳ ትጠይቃለች።

ነገሩን የነገረችው ለአባ ያኮቮስ ብቻ ነው። አባ መጀመሪያ ሙቀቱ ነው አሏት። ሰቫስቲ ሙቀት ጨው ጨው አይልም ብላ መለሰችላቸው። ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣ "እንግዲያው አፈሩ ከብዶት ይሆናል ልጄ። አጥንቱን አውጪለትና ይረፍ" አሏት።

ደሴታችን ድንጋይ ናት፤ አፈር የላትም። ሙታን መሬቱን የሚያገኙት በውሰት ነው። ሦስት ዓመት ተኝተው ይነሳሉ፤ እናት ወይም እህት አጥንታቸውን በወይን ጠጅ አጥባ፣ በነጭ ጨርቅ አድርቃ፣ ስም በተጻፈበት ሳጥን ታስገባና ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ካለው የአጥንት ቤት ከዘመዶቻቸው ጎን ይደረደራሉ። ወገን የሌለው አጥንት ግቢው ጥግ ካለው ጉድጓድ ይጣላል፤ እዚያ ማንም ማንንም አይለይም። ከጊዜው በላይ አፈር ውስጥ የቆየ ሰው ዕረፍት ያጣል ይላሉ አሮጊቶቹ። ሰቫስቲ የባሏን አጥንት በገዛ እጇ አጥባ አስገብታለች፤ ሥራውን ታውቀዋለች፤ አትፈራውም። የስታማቲስን ግን ዘንድሮ አወጣለሁ ባለች ቁጥር ቴሜሊና አግብታ ከሄደችበት ከፒሬየስ ከተማ እየደወለች ትለምናታለች። አንድ ዓመት እርጉዝ ነኝ፣ ልቤ አይችልም አለች። አንድ ዓመት አራስ ነኝ አለች። አንድ ዓመት እንዲሁ፣ ያለ ምክንያት፣ "ዘንድሮ አይሁን እማዬ፣ ስወድሽ" ብላ አለቀሰች። ሰቫስቲም ምስኪን ልጄ፣ የወንድሟን ነገር አልቻለችውም እያለች ትተወዋለች።

መቃብሩ እንዲሁ ከጊዜው አልፎ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላው። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። መቃብር ቆፋሪያችን ሂፖክራቲስ፣ በዚያ የጥንት ሐኪም ስም ሐኪም ሊሆን ሲገባው ሐኪሞቹ የጨረሷቸውን የሚረከበው ሰውዬ፣ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ "እኛ ደሴት በሕይወት ያለው ለሐኪም ይሰለፋል፣ የሞተው ለስታማቲስ ቦታ ይሰለፋል" ይል ነበር። በመጨረሻ አባ ያኮቮስ እራሳቸው መጥተው ነገሯት፤ የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት ይወጣል፣ ከዚህ በኋላ የለም። ሰቫስቲም እሺ አለች። እሷም ብትሆን የፈለገችው ይሄንኑ ነው። ልጇ ይረፍላት፤ ያ እግር በር ላይ መቆሙን ይተው። በዚህ ዓለም ላይ ሌላ የምትለምነው ነገር አልነበራትም።

ቴሜሊና ባሏንና ልጇን ይዛ ለእረፍት የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ባሏ አርጊሪስ ወፍራም፣ ሰው የማያስቀይም የፒሬየስ ሰው ነው። ከመርከብ ሲወርድ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው አየር የተሞላ የጎማ ዳክዬ ይዞ ነበር። "እማማ፣ ዘንድሮ የመጣሁት ልተኛ ነው፤ መርከቡ ሲመለስ ብቻ ቀስቅሱኝ" አላት። ሰቫስቲ ወደ ሆዱ እያየች፣ አምና የመጣኸው ልትበላ ነበር፣ እሱስ ተሳክቶልሃል አለችው። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በአገሩ ወግ የሟች አጎቷን ስም ወስዳ ስታማቲያ ትባላለች።

ኑሯቸው መልካም ነበር። ጠዋት ሰቫስቲ ቲማቲሙን፣ የፍየል አይቡን፣ በውሃ የራሰውን ደረቅ የገብስ ዳቦ ታቀርባለች። ከዚያ ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ አርጊሪስ ቀዩን ጃንጥላ አሸዋው ላይ ተክሎ ሥሩ ያንኮራፋል፤ ልጅቷ በዳክዬዋ ትንሳፈፋለች። ቀትር ሲሆን ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ይመለሳሉ፣ ሐብሐብ ይበላሉ፣ መስኮት ዘግተው ይተኛሉ። ማታ ወደቡ ላይ ጠረጴዛ ይወጣል፣ የደረቀው ባለ ስምንት እግር የባሕር እንስሳ ከሰል ላይ ይጠበሳል፣ አርጊሪስ ኡዞ የሚባለውን አረቄ በበረዶ እያነጣ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይጋብዛል። ያየ ሰው ደስተኛ ቤተሰብ ይላል። ቴሜሊና ግን ምግቧን በሹካ እያንከባለለች ነው የምትውለው። ሰቫስቲ አይታታለች፤ የማውጣቱ ቀን ስለቀረበ ነው ብላ አለፈችው።

አንድ ነገር ብቻ ሰቫስቲን ይረብሻት ነበር። ልጅቷ ከባሕር ስትመለስ በረንዳውን በእርጥብ እግሯ ቻፕ ቻፕ እያለች ትሮጥበታለች። በሰማች ቁጥር ሰቫስቲ የያዘችውን ትለቃለች። ዳናውን ተከትላ በጨርቅ ትጠርጋለች፤ ትጮህባታለች። አንድ ቀን ከቀትር እንቅልፍ ስትነሳ በሩ ፊት ዳና አየችና ልጅቷን ጠርታ፣ ስንቴ ልንገርሽ፣ እግርሽን ጠርገሽ ግቢ አላልኩሽም ብላ ተቆጣቻት። ልጅቷ ደረቅ ቀሚስ ለብሳ፣ ዓይኗን ከእንቅልፍ እያሻሸች ዳናውን አየችው። ከዚያ እግሯን አንስታ መሃሉ አስቀመጠችው። ሁለት የሷ እግር በጎን ተደርድሮ የሚገባበት ነበር።

"እኔ አይደለሁም እማማ" አለች። "የኔ እግር እኮ ትንሽ ነው።"

ሰቫስቲ ጨርቁን ይዛ እንደቆመች ውሃው በፀሐይ እስኪደርቅ ጠበቀች። ሦስት ቀን ብቻ ቀርቷል ብላ እራሷን አጽናናች።

የፍልሰታ ዕለት ጾሙ ተፈታ፣ በግ ታረደ፣ ተዘፈነ። ማታውን ሰቫስቲ ስንዴ ቀቅላ ንፍሮውን በሮማን ፍሬ፣ በለውዝና በስኳር አሰናዳች። በማግስቱ ጠዋት ወይን ጠጁን፣ አዲሱን ነጭ ጨርቅና አናጺው የሠራላትን ሳጥን ይዛ ለመውጣት ስትነሳ ቴሜሊናን ትመጫለሽ ወይ አለቻት። ወግ ነው፤ እህት ከእናት ጎን ትቆማለች። ቴሜሊና ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። ልጅቷ እንዲህ ያለ ነገር ማየት የለባትም፣ እኔ ባሕር ዳር ልውሰዳት አለች። ሰቫስቲ ጉንጯን ዳበሰቻትና ብቻዋን ኮረብታውን ወጣች።

መቃብሩ ከከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ ለሚያይ ወደቡም፣ አሸዋውም፣ ቀዩም ጃንጥላ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሂፖክራቲስ ሥራውን ሲሠራ አያወራም፤ ይሄ አንዱ መልካም ጠባዩ ነው። አፈሩን ቀስ እያለ በትንሽ አካፋ፣ በኋላም በእጁ ገለጠ። መጀመሪያ የራስ ቅሉን አወጣና ሰጣት። "እግዜር ነፍሱን ይማር እትዬ ሰቫስቲ። እንደ ሰም ቢጫ ነው" አላት። ቢጫ አጥንት የጻድቅ ነው በኛ አገር። ሰቫስቲ ግንባሩን ሳመችው። ጭኗ ላይ አድርጋ በወይን ጠጅ በተነከረ ጨርቅ ታጥበው ጀመር፤ ትንሽ ልጅ ሆኖ ገንዳ ውስጥ ስታጥበው እንደምታደርገው በለሆሳስ እያናገረችው፦ አይዞህ፣ ጨረስን፣ አሁን ትወጣለህ፣ አሁን አባትህ ጋ ትሄዳለህ። ደስ ብሏት ነበር ቢባል ሰው አያምንም። ደስ ብሏት ነበር።

ሂፖክራቲስ ሁሉን ካወጣ በኋላ ጥዱ ሥር ሄዶ ጀርባውን ሰጥቷት ሲጋራውን ለኮሰ። አጣቢዋን ማየት ነውር ነው። ሰቫስቲ ግራ ክንዱን አነሳች።

ስታማቲስ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ከበለስ ዛፍ ወድቆ ግራ ክንዱን ሰብሯል። ሐኪሙ ሌላ ደሴት ስለነበረ ወጌሻ አሰረው፤ ወጌሻውም በዚያ ሰዓት ጠጥቶ ነበር። አጥንቱ ጎብጦ ገጠመ፣ ከክርኑ በታች ጉብ ያለ ነገር ቀረበት። ሰቫስቲ ያን ጉብታ ከራሷ እጅ በላይ ታውቀዋለች። ሲተኛ ትዳብሰው ነበር። አሁን ጨርቁን ከላይ ወደ ታች አወረደችው፤ ለስላሳ ነው። ገለበጠችው። ቀጥ ያለ ነው። ቀኙ ይሆናል ብላ ቀኙን አነሳች። እሱም ቀጥ ያለ ነው። ግራውን መልሳ አነሳች፣ በጥፍሯ ሳይቀር ፈተሸችው። ይሄ ክንድ ተሰብሮ አያውቅም።

 እጇ ወደ አፈሩ ሄዶ፣ ከጎድን አጥንቱ መሃል የቀረውን መስቀል ፈለገ። የስታማቲስ የክርስትና አባት ያሰረለት የወርቅ መስቀል ነበር፣ ቀጭን፣ ምንም ጌጥ የሌለው። ያገኘችው ግን የጠቆረ ብር ነው። ትንሽ፣ ዳርና ዳሩ እንደ ሽመና የተጠላለፈ፣ አንድ ሰው በትዕግሥት ቁጭ ብሎ የሠራው። ቀለበቱ ላይ የበሰበሰ ጥቁር ማተብ ቁራጭ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ መስቀል በሕይወቷ አይታ አታውቅም። አንዲት እናት፣ የት አገር እንደሆነች የማይታወቅ እናት፣ በልጇ አንገት ያሰረችው መስቀል ነው። የወደቡ ጠባቂ ያን ለታ አንድ እርምጃ ቢጠጋ ኖሮ ያየው ነበር። ቴሜሊናማ ልጅ ነበረች፤ ፈርታ ዓይኗን ጨፍና ይሆናል።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መብራት ያበራችው፣ አበባ ያጠጣችው፣ "ልጄ" ያለችው ለሌላ ሰው ልጅ ነው።

ለአፍታ አንድ ክፉ ተስፋ ብልጭ አለባት፤ ምናልባት በሕይወት ይኖር ይሆን? ወዲያው ግን እግሩ ትዝ አላት። በሕይወት ያለ ሰው ከባሕር ከወጣ ገላው ይደርቃል፤ እሱ ግን ሁሌም እርጥብ ነው። ከዚያም፣ ለዓመታት ስትጠይቀው የኖረችው ጥያቄ መልስ በአንድ ጊዜ ደረሰባት፦ ለምን በሩ ላይ ይቆማል? ለምን አይገባም? ይቆማላ! አልጋው ተይዞበታል። በስሙ ሌላ ሰው ተኝቶ፣ በስሙ ለሌላ ሰው እየተጸለየ፣ እሱ የት ይግባ?

ጨርቁን ፊቷ ላይ ጭና ድምፅ ሳታሰማ አነባች። ተናደደችም። አዎ፣ በዚህ ምስኪን አጥንት ላይ ተናደደች፤ ሌባ ብላ ሰደበችው በሆዷ። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃል። ሂፖክራቲስ ብላ ብትጣራ አጥንቱ ጥጉ ላይ ካለው ጉድጓድ ይጣላል፣ የስታማቲስ ስም ነፃ ይወጣል፣ ሳጥኑ ባዶውን ይቀመጥለታል፤ ባዶም ቢሆን የራሱ ነው። ግን ይሄ ልጅስ? ባሕሩ ጣለው፣ አሁን ደግሞ እሷ ትጥለው? ቁልቁል አየች። ጃንጥላው ሥር አርጊሪስ ተጋድሟል፤ ልጅቷ አሸዋ ትቆፍራለች። ቴሜሊና ግን አልተኛችም፣ አልዋኘችም። ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ቆማ ወደ ኮረብታው ታያለች።

"እትዬ ሰቫስቲ" አለ ሂፖክራቲስ ዞር ሳይል፣ "ደህና ነዎት? ሰው ልጥራልዎት?"

ሰቫስቲ ጭኗ ላይ ያለውን አጥንት አየች፤ ቀጥ ያለ፣ ያላረጀ፣ የወጣት ክንድ። እናቱ ይሄን ክንድ እንዴት ታውቀው ይሆን?

"ደህና ነኝ" አለች። "አልጨረስኩም።"

አጥባ ጨረሰች። ከበፊቱም ይልቅ ቀስ ብላ አጠበችው፤ ለሁለት እናት እንደምታጥብ ሆና። መስቀሉን በወይን ጠጁ አጥርታ ወለወለችው። ከሐዘን ሻሿ ጠርዝ ጥቁር ክር መዘዘች፣ በጣቶቿ አክርራ አዲስ ማተብ ሠራችለት፤ መስቀሉን አስራበት ከደረቱ አጥንት ጎን አስቀመጠችው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም ሳታየው ከደነችው።

ፍትሐቱ ላይ አባ ያኮቮስ ስሙን ሊጠሩ ወደሷ ዘንበል ሲሉ "ስታማቲስ" አለች። ከዚያ ጨመረች፣ "እና እናቱ ያለበትን የማታውቀው።" አባ በመነጽራቸው አናት ለረጅም ጊዜ አዩዋት።  እንዳለችው አድርገው ጸለዩ። ሳጥኑ ከባሏ ሳጥን ጎን ገባ፤ ንፍሮው ታደለ፤ ሰው እግዜር ያጽናሽ ብሎ ተበተነ።

ቤት ስትደርስ ቴሜሊና በረንዳው ላይ ብቻዋን ትጠብቃት ነበር። አርጊሪስና ልጅቷ ከውስጥ ይሰማሉ፤ ስለ ሐብሐብ ይጨቃጨቃሉ። ቴሜሊና ጸጉሯ ላይ ጨው ደርቆ፣ የበረንዳውን እንጨት በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች።

"ጨረስሽ እማዬ?"

"ጨረስኩ። እንደ ሰም ቢጫ ነው።"

ቴሜሊና ጭንቅላቷን ነቀነቀች።  ከዚያ እንደ ሹክሹክታ ባለ ድምፅ፣ "እጁስ?" አለች።

ሰቫስቲ የምትፈታውን ሻሽ እንደያዘች ቀረች። ሰው ስለ እጅ አይጠይቅም። አጥንት ከወጣ ሰው ቀለሙን ይጠይቃል፣ ለቅሶውን ይጠይቃል፤ ስለ እጅ የሚጠይቅ እጁን የዳበሰ ነው። በአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታያት፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ፣ እዚያ በሚገማ ክፍል ውስጥ፣ ፊት ከሌለው ሬሳ ጎን ተንበርክካ፣ ግራ ክንዱን ስትዳብስ። ጉብታውን ስትፈልግ፣ ስታጣው። ውጭ ድንጋይ ላይ የምትሞት እናት አለች። ቴሜሊና ዓይኗን አልጨፈነችም። አይታ ነው የወጣችው። ከዚያ በየዓመቱ ዘንድሮ አይሁን፣ ዘንድሮ አይሁን።

ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ይዛው ኖረች? የቱን ያህል ተቃጥላ ይሆን? ሰቫስቲ ልቆጣት ብላ ብትፈልግ ቁጣው ከየት ይምጣ፤ ሆዷ ባባ እንጂ።

"እጁ?" አለች፣ ሻሹን እያጠፈች። "ጉብታው እንዳለ አለ። ያ ሰካራም ወጌሻ። በጣቴ ነካሁት።"

ቴሜሊና አፈጠጠችባት። ከዚያ እዚያው ንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ባሏ ምን ሆነች ብሎ እየሮጠ ወጣ፤ ሰቫስቲ በእጇ ምልክት መለሰችው። ቴሜሊና በሳግ መሃል፣ "እማዬ፣ እኔ ያኔ…" አለች።

"ያኔ ከዚያ ድንጋይ ላይ አነሳሽኝ" አለች ሰቫስቲ፣ ጎኗ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ እየሳበች። "ሌላውን ተይው፤ ልጄ።"

በማግስቱ ቀትር ላይ ቤቱ ሁሉ ተኝቷል። ቴሜሊና እንኳ ተኝታለች፤ አፏን ከፍታ፣ እጇን ዘርግታ፣ ልጅ ሳለች ትተኛ እንደነበረው። ሰቫስቲ ግን አልተኛችም። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ከዚህ በኋላ ዕረፍት እንደሌለው ታውቃለች። ሴት ልጇን አሳርፋ ወንድ ልጇን ደጅ አስቀርታለች። ስሙ ከሌላ ሰው ሳጥን ላይ ተጽፏል፣ እሷ እስካለች ድረስም አይፋቅም። ይሄን ያደረገችው እሷ ናት፤ እንዴት ብላ ዓይኑን ታያለች?

ቻፕ። ቻፕ። ደረጃውን ወጣ። በረንዳውን አቋረጠ። በሩ ጋ ሲደርስ እንደ ወትሮው ቆመ።

ሰቫስቲ ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ማንም የለም፤ ንጣፉ ላይ ሁለት የረጠቡ እግሮች ጎን ለጎን ቆመው ወደሷ ያያሉ።

"ስታማቲስ" አለች።  "ቦታህን ለሰው ልጅ ሰጠሁብህ። እሱ እዚህ ማንም የለውም፤ አንተ እኔ አለሁህ። አትቀየመኝ የኔ ልጅ። ግባ፤ ከኔ ጋ ትተኛለህ።"

ከበሩ ገለል አለችለት። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ከጥዱ ላይ የሚንጫጩት ነፍሳት እንኳ ዝም አሉ። ከዚያ ከመድረኩ ወዲህ፣ በደረቁ የቤት ወለል ላይ፣ አንድ እርጥብ ዳና ወጣ። ቀጥሎ ሌላው። በቀስታ፣ ቤቱን እንደረሳ ሰው፣ ጠረጴዛውን ዞረው እስከ አልጋዋ ሄዱ። ሰቫስቲ ተከትላቸው ሄደች። በግድግዳው በኩል ጥግ ይዛ ተጋደመች፣ ዳሩን ለቀቀችለት፤ ትኩሳት ሲይዘው ታደርገው እንደነበረው። ፍራሹ ዝቅ አለ። ብርዱ በቀሚሷ አልፎ ጎኗ ድረስ ገባ። የባሕር ሣር ሸተታት። አልተንቀሳቀሰችም። ክንዷን ዘረጋች፤ መዳፏ ሥር፣ ከክርን በታች፣ ጉብ ያለ ነገር ነበር።

ፀሐዩ ዘንበል ሲል ልጅቷ ተነስታ፣ የመዋኛ ልብሷን ለብሳ አያቷን ፍለጋ መጣች። ወደ ባሕር እንውረድ ልትላት ነው። አልጋውን ተደግፋ እጇን አንሶላው ላይ ስታሳርፍ ደንግጣ አነሳችው።

"እማማ፣ አልጋሽ ረጥቧል።"

"አውቃለሁ" አለች ሰቫስቲ። "ቀስ በይ የኔ እናት፣ እንዳትቀሰቅሺው።"